ለኮናዱ የተቀመጠ ውሃ

ለተከበሩ ዶክተር አምፖፎ
የስኳር በሽታና የዘር ውርስ ጥናት ተቋም የበላይ ኃላፊ
ኩማሲ፣ ጋና

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ስኳርዎስ? እርስዎ ሲለኩ ውጤቱ ለራስዎ ይነገርዎታልና ደኅና እንደሆኑ እገምታለሁ። እኔ የሟቿ የኮናዱ ልጅ፣ ልብስ ሰፊው አጄኩም፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ብዕር አንስቻለሁ።

አንደኛ፣ ባለሙያዎችዎ መንደራችን መጥተው የእናቴን ደም በቀዱ ጊዜ ሳሙናና ካናቴራ ስለሰጧት እናመሰግናለን። «ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን፣ እማማ» ብለዋት ነበር። እሷም በር በሩን ስታይ ኖረች። በኋላ እግሯ ቆስሎ ወደ ሐኪም ስንወስዳት ታክሲ ውስጥ አረፈች። እኛ ዘንድ ለሚያጣጥር ሰው የስንብት ውሃ በአፉ ጠብ ይደረግለታል፤ ለእሷ ግን አልደረስንላትም። ያን ውሃ ሳይቀምስ የሄደ ደግሞ ተጠምቶ ይመለሳል።

ስለዚህ ማታ ማታ በክፍሏ ደጃፍ ውሃ በቅል እናስቀምጥላት ጀመር። ጠዋት ቅሉ ባዶ! አክስቴ ፖኩዋ «እሰይ፣ ጠጣችልን!» እያለች ታጨበጭብ ነበር። እኔም ሞኙ ትልቅ ቅል ገዛሁላት።

ሁለተኛ፣ በሬዲዮ ቀርበው ከሰፈራችን ሰው ደም ውስጥ ለስኳር በሽታ የሚያጋልጥ የዘር ምልክት ማግኘትዎን ስላበሰሩን እግዜር ይስጥልን። ደም ከእናት እንደሚወረስ የእኛ የአሻንቲ ሕዝብ ሁሉ ያለ መሣሪያ ያውቀዋል፤ ያላወቅነው ምልክቱ የተገኘው በማን ደም እንደሆነ ነው። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ የእናቴን ውጤት ብጠይቅ ጸሐፊዎ «ምስጢር ነው አባባ፣ ለማንም አይነገርም» አለችኝ። ምስጢር አጠባበቃችሁ ይደነቃል፤ ከባለ ደሟ እንኳ ደብቃችሁ ቀበራችኋት።

ሦስተኛውን በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አቅቶኛል። እህቴ ዱፊ ከሳች፤ ቀሚሷን ደጋግሜ አጠበብኩላት። መንደሩ «እናቷ እየጠራቻት ነው» አለ፤ እኛም አመንን። እንድትተዋት እናታችንን ለመንናት፣ ውሃም ጨመርንላት። አንድ ንጋት ዱፊን በእናቴ ደጃፍ ወድቃ አገኘናት፤ ቅሉ በእጇ ነበር። ለካስ ውሃውን ስትጠጣ የከረመችው እሷ ኖራለች! ነርሷ ደሟን ለክታ «ስኳሯ ጣሪያ ነክቷል፤ ውሃ ውሃ ሲላት አላያችሁም እንዴ?» አለችን። አይተን ነበር፣ ክቡር ሆይ። የእናቴ ጥም መስሎን ደስ ሲለን ነበር። ዱፊ አልነቃችም።

በማቀዝቀዣዎ ውስጥ በብልቃጥ ላለችው እናቴ ሰላምታዬን እንዲያደርሱልኝ እየለመንኩ፣ ለጥናትዎ መሳካት እጅ የምነሳ፣ የናሙናዎ ልጅ፣
አጄኩም

ማሳሰቢያ፦ ለዱፊም የስንብት ውሃ አልደረሰላትምና አሁን ሁለት ቅል አስቀምጣለሁ። አክስቴ ፈርታ ልጇ ዘንድ ገብታለች፤ በግቢው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ቅሎች ባዶ ናቸው። ትናንት የራሴን ሱሪ ወገብ አጠበብኩ። እንግዲህ ምስጢሩን የሚደብቁት ከአንድ ሰው ብቻ ነውና፣ እንኳን ሥራዎ ቀለለልዎ።