ወደ ግራ የተጠመጠመ ዳቦ

እሑድ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1980

ዳግም ትንሣኤ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊጥ አቦካሁ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ የረቡዕና የዓርብ ጾም የለም፤ ቅቤና እንቁላል እንደ ልብ ነው... ከተገኘ። ለውዙን ቆላሁ፣ ገለፈቱን እፍ እፍ ብዬ ወቀጥሁት፣ በስኳርና በቅቤ ለወስሁት። ጣቴን ስልስ ማንም አላየኝም።

ይህን ሙያ ያገኘሁት ከማዳም ቬራ ነው። ባለቤቴ ዳኘው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፖሊ ቴክኒክ ወርክሾፕ ሲሠራ የሩሲያዊው አለቃው ሚስት ነበረች። በአገሯ የሚሞላው ሌላ ፍሬ ነው፤ እኛ ዘንድ ስለሌለ በለውዝ ተካነው። ሊጡ በስሱ ይዳመጣል፣ ለውዙ ይነሰነስበታል፣ እንደ ገመድ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ገመዱ በራሱ ላይ ይዞራል። የቄስ ጥምጥም ነው የሚመስለው። የሰፈሩ ሰው "ጥምጥም" ብሎ ስም አወጣለት፤ እሷ ያለችው ስም ተረሳ።

ልጄ አምሐ ግራኝ ነው። ትንሽ ሆኖ አጠገቤ ቆሞ ሲጠመጥም የእሱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይዞራል፣ የእኔ ወደ ቀኝ። ጎረቤቶች ከትሪው ላይ እየለዩ "የግራኙን ስጪኝ" ይሉ ነበር።

ዛሬ ከጓዳ ሆኖ "ሸተተኝ" አለ። ዝም በል አልሁት።

ይኸው ጻፍሁት። ልጄ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ አይደለም። ጓዳ ውስጥ ነው፣ ከእህሉ ጆንያ ጀርባ። ዛሬ ዐሥራ ስድስት ቀኑ። "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" ከተባለ ወዲህ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ መንገድ ላይ አይታይም፤ የታየው ይታፈሳል። ይህን ደብተር ሰው ቢያገኘው አለቀልን። ከዱቄቱ ሥር ነው የማኖረው። ታዲያ ለምን እጽፋለሁ? ለማን ልናገር!

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 11

ከምተይብበት የፋብሪካ ቢሮ በቀጥታ ቀበሌ። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ። ሊቀ መንበራችን የሺመቤት ናት፤ ቤቷ ከቤቴ ሦስተኛው በር ነው። ስብሰባ ላይ "ጓድ የሺመቤት"፣ ደጅ ላይ "የሺ"። አንዳንዴ ሁለት ሰው ትሆንብኛለች። ልጇን አምባቸውን አምና ጥቅምት ላይ ከደጃፏ አፍሰው ወሰዱት። ደብዳቤው ከቀረ ስምንት ወር ሆነ።

"ሆስፒታል ከግንባር የመጡ ቁስለኞች አሉ። ቅዳሜ እንጠይቃቸዋለን። ሰገነት ጥምጥሟን ትጋግር፤ ስልሳ። ዱቄቱንና ስኳሩን ቀበሌው ይችላል" አለች። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ምን ላድርግ?

አዘዘ በሩ ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ ቆሟል። አብዮት ጠባቂ ሆኗል አሁን። ከአምሐ ጋር የተማረ፣ ቤቴ ሲበላ ያደገ ልጅ ነው። "እትዬ ሰገነት፣ አምሐ ከአዲስ አበባ ጻፈልዎት?" አለኝ። "ጽፏል" አልሁ። ቶሎ አልሁ መሰለኝ... በጣም ቶሎ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 14

ከሥራ ፈቃድ ተሰጠኝ። ለቁስለኛ ነው ሲባል ማን ይከለክላል? ከጠዋት ጀምሬ አቦካሁ፣ ዳመጥሁ፣ ጠመጠምሁ። ሃያው ላይ ክንዴ ዛለ። በሩን ቆልፌ መጋረጃውን ለቅቄያለሁ። አምሐ ከጓዳ ብቅ አለ። ፀሐይ ካየ ስንት ቀኑ... ፊቱ እንደ ሻማ ነጥቷል።

"እማዬ፣ ልጠምጥምልሽ።"

"ግባ አንተ!"

"ለቁስለኞች ነው አይደል? እኔም አንድ ነገር ላድርግላቸው። እኔ እዚህ ተደብቄ እነሱ..." አልጨረሰውም።

እሺ አልሁት። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። አፍንጫው ዱቄት ሲነካ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ፤ ድምፅ እንዳይወጣው አፉን በክንዱ ይዞ። ሲስቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! ዳኘው ከበርሜል ቆርጦ በሠራልኝ ምድጃ አራት ዙር ጋገርን። ደስ ብሎኝ ዋለ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ዋለ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 15

 ተራ በተራ ልጻፈው።

ሁለቱን ትሪ ነጠላ አልብሼ ቀበሌ አደረስሁ፤ አንዱን አዘዘ ተሸከመልኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። ነጠላውን ገለጥሁ። ያኔ ነው ያየሁት። ግማሹ ወደ ቀኝ ዞሯል፣ ግማሹ ወደ ግራ። የአምሐ እጅ፣ ሠላሳ ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ! ትናንት ቀኑን ሙሉ ዐይኔ ሥር ሲጠመጠም እንዴት አላየሁትም? ለምጄው ነዋ። እኔ ወደ ግራ ጠምጥሜ እንደማላውቅ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

የሺመቤት መጣች። ትሪውን አየች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። አዘዘ "እስቲ አንድ ልቅመስ" እያለ እጁን ሰደደ።

"እጅህን ሰብስብ! ይልቅ ቢላዋ አምጣልኝ" አለችው። "እጁ የታሰረ ሰው ሙሉ ዳቦ በምን ይይዛል? ቆርሰን ነው የምንሰጥ።"

ቢላዋው መጣ። ከግራዎቹ ጀመረች። አንዱን ለአራት፣ ሌላውንም ለአራት... ከተቆረጠ በኋላ ወዴት እንደዞረ አይታወቅም። ሠላሳውን ጨርሳ ወደ ቀኞቹ ሄደች።  

ቁስለኞቹ ዘንድ ከአልጋ አልጋ እየዞረች በእጇ አጎረሰች። እያንዳንዱን "አምባቸው የሚባል ልጅ ታውቃለህ? ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው?" ትላለች። ማንም አያውቀውም። አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ "አላውቅም እናቴ" አላት፤ ዳቦው አፉ ውስጥ ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 16

አውቃለች። አላወቀችም። ለቁስለኞቹ አስባ ነው... ታዲያ ለምን ከግራዎቹ ጀመረች? ለአምሐ አልነገርሁትም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 18

እንቅልፍ የለም። ቢሮ ውስጥ አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ ተየብሁት።

ለምን ይህን ያህል እንደምፈራት ለራሴ እንኳ እውነቱን ልናገር። "የእኔ ልጅ ሄዶ የእሷ ለምን ይቀራል?" ብትል ምን እመልሳለሁ? ምንም።

አምና ጥቅምት፣ ያን ቀን፣ ከሥራ ስመለስ የወታደር መኪናው ከገበያው በኩል ሲመጣ ቀድሜ አይቼዋለሁ። ሮጥሁ። አምሐ ደጅ ነበር። ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ በየሺ በር ነው፤ በሩም ክፍት ነበር። አንድ ጊዜ "የሺ!" ብል ምን ያህል ያስቆመኝ ነበር? አላልሁም። ልጄን ጎትቼ አስገብቼ በሬን ዘጋሁ። ጩኸቷን የሰማሁት ከውስጥ ሆኜ ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 20

መጣች። ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዋን። አምሐ ጓዳ ገብቶ ነበር። "ብቻዬን ነኝ" አልኋት ሳትጠይቀኝ። ሞኝ!

ሻይ ላፍላ ብላት አልፈልግም አለች። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች።

"ሰኞ ጠዋት ቤት ለቤት ፍተሻ አለ። ጓዳም ቆጥም አይቀር። ከእኔ አልሰማሽም።"

 ከዚያ አፌ በራሱ ተከፈተ። "የሺ፣ ያን ቀን መኪናውን ቀድሜ አይቼው ነበር..."

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"ስትሮጪ አይቼሻለሁ። ዝናብ የመጣ መሰለኝ። አምባቸውን 'ተነሥ፣ የተሰጣውን በርበሬ አንሣልኝ' አልሁት። ተኝቶ ነበር እኮ። እኔ ነኝ ያወጣሁት።"

 ሁለታችንም አላለቀስንም። መሬት መሬቱን አየን።

"ትጠይኛለሽ?" አልኋት።

"እኔም ብሆን እሮጥ ነበር እላለሁ። አንዳንድ ቀን ግን አልልም።"

"ታዲያ ዳቦውን ለምን ቆረስሽው?"

"ለአንዳችን እንኳ ይትረፍልን ብዬ ነዋ።"

ተነሣች። በሩን ሳትከፍት ወደ ጓዳው ዞር ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ግራኙ፣ እጅህ ይባረክ" አለች።  ስትወጣ ገብቼ ሳየው ፊቱን በጆንያው ሸፍኖ ያለቅሳል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 22

ሄደ።

ትናንት ለንስሐ አባቴ ለቄስ መርስዔ ኀዘን ሁሉን ነገርኋቸው፤ የልጄንም፣ የየሺንም በር። አልተቆጡኝም። "ወንድሜ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ነው፤ እሱ ዘንድ ይሂድ" አሉ። ዛሬ ማለዳ ደበሎ አልብሰው፣ አኮፋዳ አስይዘው፣ የቆሎ ተማሪ አስመስለው ወሰዱት። ከዘጌ እንጨት አምጥተው ባዶአቸውን የሚመለሱ ታንኳዎች ነበሩ፤ በአንዱ ተሳፈረ። ደንገሉ መሐል ቆሜ ነው ያየሁት። ስምንት ጥምጥም አኮፋዳው ውስጥ ጨምሬለታለሁ።

"እማዬ፣ እዚያ ወደ ቀኝ መጠምጠም እለማመዳለሁ" አለኝ። ይቀልዳል!

"እንዳትሞክረው" አልሁት። ሌላ ነገር ልለው ነበር።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ፈተሹ። ጆንያዎቹን በሳንጃ ወጓቸው፣ ዱቄቱ ፈሰሰ። ደብተሩ ብብቴ ሥር ነበር። አዘዘ ጓዳ ገብቶ የአምሐን ፍራሽ አገኘ። "የማን ነው?" አለ። "የእኔ ነው፤ ወገቤን ሲያመኝ መሬት እተኛለሁ።" ትንሽ ቆሞ አየኝ። ለጓደኞቹ "ምንም የለም፣ እንሂድ" አላቸው። ከመውጣቱ በፊት የፈሰሰውን ዱቄት በመዳፉ ሰብስቦ ወደ ጆንያው መለሰልኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 7

ከአምሐ ምንም ወሬ የለም። እሱ በሄደ ሰሞን ሐይቁ ላይ ነፋስ ነበር ይላሉ። ስለ ነፋስ የሚያወራ ሰው ሁሉ ጠላቴ ሆኗል።

የሺ መጥታ "አስተምሪኝ" አለች። "አምባቸው ሲመጣ ራሴ ልጋግርለት። ከአንቺ ቤት እየለመነ እስከ መቼ?" ሊጡን ስትዳምጥ ቀደደችው። የጠመጠመችው ሲጋገር ተፈታ፤ ለውዙ ሁሉ ትሪው ላይ ቀረ። "የሰካራም ቄስ ጥምጥም ሆነብሽ" አልኋት። ስንስቅ ድንገት ተያየንና አቆምን።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 23

የሰኔ ጾም ትናንት ገባ። ከሥራ ስመለስ ቄስ መርስዔ ኀዘን ደጄ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

"ሁለት ወሬ ይዣለሁ" አሉ። "ልጅሽ ቁንዝላ በሰላም ደርሷል። ወንድሜ ልኮብኛል።"

እልል ልል ስል አፌን ያዝሁ። መሬቱን ስሜ ቀና ስል እሳቸው አልሳቁም።

"ሁለተኛውስ አባ?"

ከቁስለኞቹ አንዱ ተሽሎት ጊዮርጊስ መጥቶ ነገራቸው። አምባቸው አጠገቡ ነው የወደቀው፤ ታኅሣሥ ላይ። በእጁ ቀብሮታል። ያን ቀን እናቱ ስትጠይቀው "አላውቅም" ያላት እሱ ነው። "ዳቦ እያጎረሰችኝ እንዴት ልንገራት?" አለ አሉኝ።

"መርዶው ነገ ማለዳ ይነገራል። በሩን የምታንኳኪ አንቺ ነሽ" አሉኝ። ለምን እኔ? አልጠየቅኋቸውም። ያውቃሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 24

ገና ሳይነጋ ተሰበሰብን። ቄሱ፣ አራት የዕድር ሰዎች፣ ሁለት ሴቶች። መንገዱ ያው ነው፣ ያን ቀን የሮጥሁበት።  ቤቷ መብራት ነበር። በሩን አንኳኳሁ። "የሺ!" አልሁ።

ከፈተች። እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው። "ምነው በማለዳው? ገና አልጠመጠምሁትም እኮ" አለች። ከዚያ ከኋላዬ የቆሙትን አየች።

የሆነውን አልጽፈውም።

ረፋዱ ላይ ውኃ ልቀዳላት ማድ ቤቷ ገባሁ። ለካ ዛሬ ለቁስለኞቹ የምትጋግረው እሷ ነበረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን። ለጾሙ ብላ በዘይት ነው ያቦካችው። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከገበቴው ፈስሷል። ለውዙ ተወቅጦ ተለውሶ ተቀምጧል። ምን ላድርገው? እንዳይበላሽ ቁጭ ብዬ ጠመጠምሁት። እንባዬ አስቸገረኝ። ጋግሬ ስጨርስ ለአዘዘ ሰጠሁት፤ ወሰደላቸው።

ማታ ሰዉ ሲቀንስ በእጇ ጠራችኝ። ድምፅ አልቀራትም፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ያንቺው ደረሰ?"

"ደረሰ" አልኋት።

እጄን ያዘችኝ። ጥፍሮቿ ሥር የጠዋቱ ሊጥ ደርቆ ነበር።