የኋላው ጎማ

ወዳጄ ይማም፣

ይህን ፖስትካርድ የምጽፍልህ አሶሳ፣ የእህቴ ልጅ ብዙወርቅ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ነው። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኗ ዛሬ ባምባሲ ከተማ ሄዶ ለዋንጫ ይጫወታል። አውቶቡስ የመከራየቱን ሥራ «እርስዎ ጠንቃቃ ነዎት» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ጠዋት አውቶቡሱ ሲመጣ ዞሬ ባየው አንዱ የኋላ ጎማ ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። «ሳትቀይር ልጆቹን አላሳፍርም» ብዬ ሾፌሩን መለስኩት። እያጉረመረመ ሄደ፤ እስካሁን የለም። ከቀረ ፎርፌ ይሰጥብናል፤ ልጆቹን ያስቀረሁ እኔው ነኝ። እኛ ደሴ ቢሆን መናኸሪያ ሮጬ ሌላ አመጣ ነበር፤ እዚህ በፊቴ የሚያልፈው ባጃጅ ብቻ ነው።

አምበሏ ሐዋ ቦርሳዋ ላይ ተቀምጣ፣ «ጋሼ፣ ጎማም እንደ እርስዎ እንደ መምህሩ ጡረታ ይወጣል እንዴ?» ብትለኝ ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ዓይኔን ከመንገዱ ማንሳት አቃተኝ።

ካርዱ እየሞላ ነው። የእትዬ ዘምዘም ጉልበት ተሻላቸው? ሰላም በልልኝ፤ ጎረቤቱንም ሁሉ።

ጡሩምባ ሰማሁ፤ መጣ! ልጆቹ እየዘለሉ ነው። ብዙወርቅ «ረፈደ፣ ይግቡ እንጂ!» እያለች ትጣራለች።

ትንሽ ትታገሠኝ፤ መጀመሪያ ጎማውን ልይ።

ያንተው መኮንን