ኩላሊቴን ይዞ ለሄደው ወንድሜ

ጀማል፣ አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታው የአላህ ስለሆነ ነው የጻፍኩት፤ የራሴ ቢሆን ኖሮ አልሰጥህም ነበር። ከተለያየን አስር ወር አለፈ። ሰው ሁሉ «አብሽሪ፣ ጊዜ ሲሄድ ይቀላል» ይለኛል። ሀዘኑ እንኳ ትንሽ ቀሎኛል፤ ንዴቴ ግን ይኸው እንዳለ ነው።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የስፌት መኪናህን ከገበያው ሱቅህ አምጥተን እናታችን ክፍል አስቀምጠነዋል። አቧራውን በየቀኑ ትጠርጋለች፣ ሌላ ሰው ግን እንዲነካው አትፈቅድም። የጨፋ ማሽላ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። የግቢያችን በር ላይ «ጉንፋንና ሳል ያለበት አይግባ» ብዬ የጻፍኩትን ደግሞ ትናንት ቀለም ቀባሁበት፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። ስጽፈው አጠገቤ ቆመህ እየሳቅክ «ሳል የሚለውን አጉልተሽ ጻፊው» ያልከኝ አንተ ነበርክ። ለለቅሶህ የመጣው ሕዝብ በዚያ ጽሑፍ ሥር እየሳለ ነው የገባው።

እኔ ያን የጻፍኩት ክፉ ሆኜ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ከመመለሳችን በፊት ሐኪሙ ለሁለታችንም አስረድቶናል። ሰውነትህ የእኔን ኩላሊት ባዕድ ናት ብሎ እንዳይጥላት ዕድሜ ልክህን መድኃኒት ትውጣለህ፤ መድኃኒቱ ግን የሰውነትህን ዘበኛ ስለሚያስተኛው ሌላ ሰው የሚችለው በሽታ አንተን ይጥልሃል አለ። ጥሬ ወተት አትጠጣ፣ ሰው የተሰበሰበበት አትግባ፣ ከሚስል ሰው ራቅ፣ ትኩሳት ከተሰማህ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂድ። አንተ ራስህን እየነቀነቅክ «እሺ ዶክተር» አልክ። ያኔ የሚያይህ ሰው ያንተን ያህል ታዛዥ የለም ይል ነበር።

በሩን የጠበቅኩት እኔ ነኝ። የእኛ አገር ሰው የታመመ ሳይጠይቅ አይውልም፤ ከጨፋ ሮቢት ድረስ ቅቤ ይዞ የመጣ ዘመድ ደጅ ላይ መልሻለሁ። «ዘሃራ ኩላሊቷን ሰጥታ ልቧን አስቀረች» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቼ ዋጥኩት። አንተ ደግሞ ከውስጥ ሆነህ «ኧረ ተያቸው፣ ይግቡ» እያልክ በሰው ፊት ታሳፍረኝ ነበር። አንተ ደጉ ተባልክ፣ እኔ ክፉዋ።

ለአጎታችን ለሸህ አሊ በሩን የከፈትክላቸው እኔ ገበያ በሄድኩበት ቀን ነው። ስመለስ እሳቸው አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንተ ጎንበስ ብለህ፣ ጭንቅላትህን በሁለት እጃቸው ይዘው ዱዓ ያደርጉልሃል። በየመሀሉ ይስላሉ። ከዚያ «ረቢ ዕድሜህን ያርዝመው» እያሉ ፊትህ ላይ እንትፍ እንትፍ ይላሉ፤ አንተም «አሚን» ትላለህ። ሳሉን የማሽላ ውቂያ አቧራ ነው ይሉ ነበር፤ ውቂያው ካለቀ ግን ከወር በላይ ሆኖታል። ሲሄዱ ጮህኩብህ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገንን ሰው ምርቃት በምን አፌ እምቢ እላለሁ አልከኝ፤ እኔን ያሳደገኝ ሌላ ሰው ይመስል። ከዚያም በኋላ እኔ ስወጣ እየጠበቅክ ስታስገባቸው እንደነበር የሰማሁት አልጋ ከያዝክ በኋላ ነው።

ይኸ ብቻ ቢሆን ይቅር እልህ ነበር። ትኩሳቱን ግን ደበቅከኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በላብ የራሰ ሸሚዝህን ራስህ እያጠብክ ስታሰጣ፣ እኔ ሞኟ ወንድሜ በረታ፣ ሥራ ጀመረ ብዬ ለእናታችን አወራሁላት። አዲስ አበባ ስንደርስ የሳንባ ነቀርሳው መላ ሰውነትህን ወሮት ነበር። ለሳንባው የሚሰጠው መድኃኒት የኩላሊቱን መድኃኒት ጉልበት ያሳጣል አሉን። ሐኪሞቹ አንዱን ሲያክሙ ሌላው ሲበላሽ፣ በመጨረሻ ኩላሊቴም ሥራዋን አቆመች፣ አንተም ሄድክ። ከጎኔ ከወጣች ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ሐኪሙ «በቅርብህ ብዙ ጊዜ የሚስል ሰው አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅህ ዓይን ዓይኔን እያየህ «የለም» አልክ። እሱ ሲወጣ እጄን ይዘህ ለአጎታችን እንዳትነግሪ፣ ካወቁ በሐዘን ይሞታሉ ብለህ ወላሂ አስባልከኝ። አንተ ምሥጢርህን ይዘህ ተኛህ። በቀብርህ ሳምንት እኔ ምክንያቱን ሳልናገር እሳቸውን ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ ያው ነቀርሳ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ክኒናቸውን ሲውጡ በየቀኑ አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ነኝ። ያንተን ገዳይ አስታምሜ አዳንኩልህ፣ ደስ ይበልህ።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ሲመለሱ ቤት መጡ። በሩ ላይ ቆመው ጽሑፉን ቀስ ብለው አነበቡት። ገብተው ሳይቀመጡ «ዘሃራ፣ ልጄን የገደለው የእኔ ሳል ነው ወይ?» አሉኝ። እናታችን ወዲያ ማዶ የእህል ለቀማዋን አቆመች። ያስማልከኝን ወላሂ አሰብኩ። «አይደለም አጎቴ፣ ከገበያ የያዘው ነው» አልኳቸው። በአላህ ፊት ለዚህ ውሸት አንተ መልስ ስጥ።

«እንግዲያ ልመርቅሽ» አሉ። ጎንበስ አልኩ። እጃቸው ጭንቅላቴ ላይ አረፈ፣ ዱዓውም ወረደ፤ እንትፍ የሚለው ግን አልመጣም። ቀና ስል የጥምጣማቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አጥብቀው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለቅሳሉ። ያውቃሉ፣ ጀማል። ሳይጠይቁኝም ያውቁ ነበር። ታዲያ ከማን ነው የደበቅነው?

ጨርቁን ከአፋቸው ላይ በእጄ አወረድኩት። ሐኪሙ ድነዋል ብሏቸዋል። «ጀማልን እንደመረቁት ይመርቁኝ» አልኳቸው። እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ መልሰው እንትፍ አሉብኝ። አሚን አልኩ። አንተን ይቅር ብዬ ግን አይደለም፤ እሱ ገና ነው።

እንዳልረሳህ አትስጋ። ጎኔ ላይ ያለው ጠባሳ በብርድ ቀን በበላኝ ቁጥር አስታውስሃለሁ፤ ስሰድብህ ደግሞ ዱዓም አደርግልሃለሁ። በሩን የቀባሁት እሳቸው ዳግመኛ ቆመው እንዳያነቡት ነው። ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ሌላው ሁሉ ጠፋ፤ አጉልተሽ ጻፊው ያልከኝ «ሳል» ግን ዛሬም ከሥር ይታያል።

እህትህ ዘሃራ