የበጠስኩት የእርሳስ ማኅተም

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ማኅተሙን የበጠስኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።
የእትዬ ጽጌ ነጭ የጀርመን መኪና ዛሬም ጋራዤ ገባች። ያው ጥቁር ጭስ። ካንዴላዎቿን ፈታሁ፤ ጥላሸት። ቤንዚን የሚረጨው ፖምፓ አርጅቷል፤ በሽታው ግን እርጅና ብቻ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት ዳገት ላይ ደከመች ብለው ሲያመጧት፣ ያለ መለኪያ ማሽን እንዳይነካ በእርሳስ የታሸገውን የፖምፓውን ብሎን፣ ማኅተሙን በጥሼ፣ በጆሮዬ ተመክቼ አዞርኩት። ሞተሩ አማረበት። ቤንዚን ግን እንደ ውሃ ትጠጣ ጀመር።
ቤንዚን በኩፖን ነው። የወሩ ድርሻ በሁለት ሳምንት አለቀ። ሾፌራቸው በየነ ከመኪናዋ እየቀዳ ይሸጣል ተባለ። እትዬ ጽጌ «ፖምፓው ይሆን እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።
«ፖምፓው ደህና ነው» አልኩ።
በየነ ቀበሌ ሦስት ሳምንት ታሰረ። ሥራውን አጣ። ከእድራችን ጸሐፊነትም አነሱት።

ሐሙስ
ብሎኑን ልመልስ ሞከርኩ። ስንት ዙር እንዳዞርኩት አልጻፍኩም ነበር! ሩብ ዙር ስመልስ ትንተባተባለች፤ ግማሽ ስመልስ ትጠፋለች።
ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ «በየነ ምነው ቤታችን መምጣት ተወ?» ያለችኝ ቀን «ወጡ ጨው አንሶታል» አልኳት። አላነሰውም ነበር።

ዓርብ፣ ሚካኤል
ለመምሬ ተናዘዝኩ። ስግደት ቢሰጡኝ ይቀለኝ ነበር።
«ስሙ የጠፋው የት ነው?»
«እድር ላይ፣ አባ።»
«እዚያው ቆመህ መልስለት። እግዚአብሔር የፖምፓ ነገር አይገባውም ብለህ ነው ዝም ያልከው?»

ቅዳሜ
መገናኛ ሄድኩ። በየነ የመጋዘን ዘበኛ ሆኗል። ካፖርቱ ሰፍቶታል።
«ባለ ጆሮው መካኒክ! ምን እግር ጣለህ?» አለኝ እየሳቀ።
ልነግረው ነበር፤ ፈራሁ። «ነገ እድር እንዳትቀር» ብቻ አልኩት።
«እኔን ቀብር ካልሆነ ማን ይፈልገኛል?»
ሲመሽ እትዬ ጽጌንም ለእድሩ አደራ ብዬ ጠራኋቸው።

እሑድ
ከጸሎቱ በኋላ እጄን አወጣሁ። ማኅተሙን፣ ብሎኑን፣ «ደህና ነው» ያልኩትን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። በየነ ጠብታ አልሸጠም አልኩ። እትዬ ጽጌ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። የእድሩ ዳኛ «አራት ዓመት ሙሉ!» አሉ።
በየነ ከኋላ ተነሣ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ።
«መኪናዋስ፣ አሁንም ታጨሳለች?»
«ታጨሳለች።»
«እኔ ስረከባት አታጨስም ነበር» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።
ይቅር አላለኝም። እኔም አልለመንኩትም። የሄድኩት ስሙን ልመልስ ነው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ መለስኩለት።