ስለ መኪናዬ ራዲዮ የዕድሜ ልክ ደንበኝነትና ስለ ተመዘገበው ሞቴ

ለተከበሩ ሚስተር ኬንድል ዋይትሎ
የብሉ ሜሳ ሳተላይት ራዲዮ ድርጅት የደንበኞች ታማኝነት ክፍል የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልሁ፣ የእርስዎና የቤተሰብዎ ጤና፣ የመሥሪያ ቤትዎ ማሞቂያ፣ እንዲሁም ያ ለስላሳ ወንበርዎ ሁሉም በደህና እንዲሰነብቱ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን በጽሑፍ፣ ያውም በአውራጃችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ፣ ከስንዴ ዋጋና ከቤተ ክርስቲያኑ የእራት ማስታወቂያ መካከል ቦታ ለምኜ ማረጋገጥ ያስፈለገኝ፣ በእርስዎ መዝገብ ላይ ጥቅምት አሥራ አራት ቀን ስለሞትሁ ነው።

ለባለቤቴ ለኦሪን ቶለፍሰን የጻፉለት ደብዳቤ ደርሶኛል። ደብዳቤው በውድ ባለቤቱ በአርዲስ ሞት ጥልቅ ኀዘን የተሰማችሁ መሆኑን ከገለጸ በኋላ፣ ሕይወት አጭር መሆኗን አስታውሶ፣ በዚያው አንቀጽ ላይ አዲስ የዕድሜ ልክ ደንበኝነት በሠላሳ በመቶ ቅናሽ ያቀርብለታል፤ ያዋጣውና አያዋጣው እንደሆነም እስከ ወሩ መጨረሻ አስቦ እንዲወስን ይጋብዘዋል። ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤው ሁሉ ነገሩ ያማረ ሆኖ አንዲት ነገር ብቻ ተገላብጣለች። የሞተው ኦሪን ነው። አርዲስ እኔ ነኝ። ኦሪን ከሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ በረዶ ለብሶ ስለተኛ፣ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን የማሰቡ ሥራ ለእኔ ለሟቿ ተርፏል፤ እኔም በቅንነት አስቤበታለሁ።

እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ራዲዮ ጌጥ ሊሆን ይችላል። እኛ በምንኖርበት በሰሜን ዳኮታ ግን ተራው ራዲዮ የሚያሰማን የከብት ዋጋ የሚያነብ አንድ ሰውዬና ስለ ገሃነም የሚያስጠነቅቅ አንድ ሰባኪ ብቻ ሲሆን፣ ከሃያ ማይል በኋላ ሁለቱም ይጠፋሉ። ዶክተሩም፣ የትራክተር ዕቃ መሸጫውም፣ ደህና ሥጋ ቤትም ያለው ስድሳ አራት ማይል ርቆ ነው። ስለዚህ የእናንተ ሳተላይት ከመጣ ወዲህ በእኔና በኦሪን መካከል ስምምነት ነበረን። ስንሄድ የእሱ የአኮርዲዮን ሙዚቃ ጣቢያ ይጮሃል፤ ስንመለስ የእኔ የግድያ ድራማ ይሰማል። ደርሰን ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነ ግቢያችን ውስጥ ሞተሩን ሳናጠፋ ቁጭ እንላለን፤ የገዛነው አይስክሬም ስንት ጊዜ እግሬ ሥር ቀልጦ ፈስሷል። ኦሪን ሁልጊዜ ገዳዩ ሐኪሙ ነው ይል ነበር፤ አንድም ቀን አልተሳካለትም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ እንዳይሰለቹም በቁጥር አድርጌልዎታለሁ።

አንደኛ። በየዓመቱ ጥር ሲብት፣ በረዶው ወንዶቻችንን ሥራ ፈት ሲያደርጋቸው፣ አገሩ በሙሉ ለእናንተ ስልክ ደውሎ “ደንበኝነቴን ላቋርጥ ነው” እያለ እንደሚያስፈራራችሁ፣ እናንተም እየለመናችሁ ዋጋ እንደምትቀንሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በእህል ጎተራው ቢሮ ውስጥ ማን ይበልጥ እንዳስቀነሰ ሲፎካከሩ ይውላሉ። ጎረቤታችን ሌስተር “እኔንማ ልጅቷ አልቅሳ ነው የለመነችኝ” ብሎ ይምላል። ኦሪን ለአሥራ አራት ዓመት ያሸነፈበት ዘዴ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ድምፁን እንደ ወላጅ አልባ ልጅ አሳዝኖ “እኔ እንኳ ብወደው ሚስቴ አልፈቅድም አለች፤ እሷን አታውቋትም፣ ቤቴን ሲኦል አድርጋዋለች” ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳህን እያጠብሁ እስቃለሁ። የእርስዎ ትጉሃን ሠራተኞች ይህን ቀልድ በየዓመቱ አምነው መመዝገባቸውን ያወቅሁት ግን ኦሪን ከሞተ በኋላ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን አባባል በአንድ ጣሪያ ሥር አሟልታችሁ ስላሳያችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። በኅዳር ወር የኦሪንን ሞት ላሳውቅ፣ በስሙ ማስታወቂያ መላካችሁንም እንድትተዉ ልለምን ደወልሁ። አርባ ሰባት ደቂቃ ሙዚቃ ከሰማሁ በኋላ ብሬክስተን የሚባል ጎልማሳ አነሳው። ባለቤቴ መሞቱን ስነግረው “አይዞዎት እማማ፣ አሁኑኑ እዘጋልዎታለሁ!” አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ኀዘን ሳይሆን የምሥራች ነበረበት። ማን ዝጋ አለህ ብለው “ኧረ ማስታወሻው ላይ አለ እኮ! ‘ሚስት አጥብቃ ትቃወማለች’ ይላል፤ አሥራ አራት ጊዜ ተጽፏል። በቃ፣ ተገላገሉ!” አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በሀምሳ አንድ ዓመት ትዳሬ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ በባሌ ሞት እንኳን ደስ ያለሽ የተባልሁት ግን በእናንተ ቤት ብቻ ነው። ብሬክስተን ስልኩን ሳይዘጋ ራዲዮውን ዘጋው። ምክንያት ብሎ የጻፈው “የዕድሜ ልኩ ባለቤት ሞት” የሚል ሲሆን፣ ኮምፒውተራችሁም ውሉ ላይ በዚያ መስመር የተጻፈውን ስም አንብቦ ገደለ። ስሙም የእኔ ነበር።

እዚህ ላይ የዕድሜ ልኩ ነገር እንዴት እንደመጣ ላስረዳ። አምና ጥር ኦሪን እንደ ልማዱ ሊያስፈራራችሁ ሲደውል፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ዋጋ በመቀነስ ፋንታ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ የሚከፈል የዕድሜ ልክ ደንበኝነት አቀረበችለት፤ እሱም እሺ አለ። እኔ ከእጄ ሳህን ሊወድቅ ነበር። ሰውዬው ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያስላል፣ የዕድሜ ልክ የገዛ ሰው ደግሞ ከእንግዲህ ላቋርጥ ነው ብሎ የማስፈራራት መብቱን አብሮ ሸጠ ማለት ነው። ያን ደስታውን ለምን እንደሸጠ ሊገባኝ አልቻለም። ስለዚህ ከሳህን ማጠቢያው ሆኜ፣ ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ጭምር እስክትሰማ ጮህሁበት፦ “የማን ዕድሜ ልክ? ያንተ? አንተን የሚያህል ጅል! ጓዳ ያለው የባቄላ ቆርቆሮ እንኳ ካንተ የረዘመ ቀን ተጽፎበታል!”

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኦሪን ዞር ብሎ አየኝ፣ ሳቀ፣ ከዚያም ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልኩ ውስጥ አንዲት ቃል በሹክሹክታ ተናገረ። ሰደበኝ ብዬ አስቤ፣ ጠንቋይ አልኸኝ አይደል ብዬ እራቱን ቀዝቃዛውን አቀረብሁለት። በጥቅምት ወር ሞተ። ዘጠኝ ወር ነው የተጠቀመበት፤ ቢያሰሉት በጣም የከሰረ ገበያ ነው፣ እኔም በቀብሩ ማግስት እንኳ ይህን ለሌስተር ተናግሬያለሁ። ክፉ ሴት ነኝ፤ ማስታወሻዎቻችሁ ፍጹም ስሕተት አይደሉም።

የኀዘን ደብዳቤያችሁ ሲመጣ በስሜ ስቄ፣ ከውሉ ጋር ላስተያየው ወደ መኪናው ወጣሁ። ውሉ ከፊት ወንበሩ ፊት ባለችው መሳቢያ ውስጥ፣ ከመንገድ ካርታውና ከከረሜላው ሥር ነበር። “የደንበኝነቱ ዕድሜ የሚቆጠርበት ሰው” በሚለው ቦታ ኦሪን በገዛ እጁ አርዲስ ቶለፍሰን ብሎ ጽፏል። ውሉ ውስጥ ደግሞ የአንድ ሳንባ ሐኪም ወረቀት ታጥፏል፤ ቀኑ ለእናንተ ከመደወሉ አራት ቀን ቀደም ይላል፤ የቀረው ዕድሜ ከስድስት እስከ አሥር ወር ነው ይላል። ሐኪሙ ዘንድ የሄደ ቀን የትራክተር ማጣሪያ ልገዛ ነው ብሎኝ ነበር የሄደው። እውነትም ማጣሪያ ገዝቶ ነበር የተመለሰው።

ሦስተኛ። ይህን ካወቅሁ በኋላ በሕይወት መኖሬን ላስመዘግብ እንደገና ደወልሁ። ማኬና የምትባል ጨዋ ልጅ አገኘሁ፤ እንዲህም አለችኝ፦ “እማማ፣ ደንበኛዋ በሕይወት መኖራቸውን ማመልከት የሚችሉት ደንበኛዋ ራሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አርፈዋል።” ታዲያ እኔ ማን ነኝ ብላት “እርስዎ የሟች ቤተሰብ ነዎት፤ ነፍስ ይማር” አለችኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ ግን አዘነችልኝና አንድ ቀዳዳ ነገረችኝ፤ ውሉ በስልክ ሲገባ የተመረጠውን የምሥጢር ጥያቄ በትክክል የመለሰ ሰው መዝገቡን ማስከፈት ይችላል፣ ሦስት ሙከራ ብቻ ይፈቀዳል አለችና ጥያቄውን አነበበችልኝ።

“የማን ዕድሜ ልክ?”

ክቡር ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ ያዘንሁትን ኀዘን በቀብሩ ላይ አላዘንሁም። ያን ዕለት ልጅቷ የምሥጢር ጥያቄ ይምረጡ ስትለው እኔ እየጮህሁ ነበር፤ እሱም የራሴን ጩኸት ሰጣት። መጀመሪያ የኦሪን አልሁ፤ ማኬና “ይቅርታ፣ አይደለም” አለች። ውሉን አስታውሼ የአርዲስ አልሁ፤ እሱም አይደለም። ከዚያ ግራ ገባኝና የራዲዮው አልሁ፤ መዝገቡም ለዘለዓለም ተቆለፈ። ራሷን ደንበኛዋን ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስት ጊዜ የሚያባርር ጥንቃቄ ስላቆማችሁ ሌቦች ሁሉ ባርኔጣቸውን ሊያነሱላችሁ ይገባል።

አራተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም፣ በራሴ ላይ ነው፤ ስለዚህ አሳጥረዋለሁ። በማግስቱ ወደ ከተማ ስድሳ አራት ማይል በዝምታ ነዳሁ። አኮርዲዮን አልወድም፤ ሀምሳ ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ። ቀኝ ወንበር ባዶ ሆኖ ያም ጩኸት ሲጠፋ ግን መንገዱ አልገፋ አለኝ፤ ከግማሹ ላይ መኪናዋን ዳር አቁሜ አለቀስሁ። ያን ጊዜ ነው መልሱ የመጣልኝ። ኦሪን የተናገራት ቃል አንዲት ነበረች፣ አጭርም ነበረች። በሀምሳ አንድ ዓመት ውስጥ ነገር ወርውሬበት ሳይመልስልኝ የቀረበት ቀን የለም። ያን ቀንም ለልጅቷ ስም አልሰጣትም፤ ለእኔ መለሰልኝ እንጂ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ስልኩ ስለተቆለፈብኝ የምሥጢሩን መልስ በአደባባይ፣ በአራት ሺህ አንባቢ ፊት እሰጥዎታለሁ፤ ማኬናን ጠርተው እንድትጽፍ ያዘዙልኝ። መልሱ “ያንቺ” ነው።

ያዋጣል ወይ ላሉትም ውሳኔዬ ይኸውልዎ። ባለቤቴ የከፈለው የስድስት ዓመት ያህል ሒሳብ ነው። እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። እናቴ መቶ አንድ፣ እኅቷ ደግሞ መቶ ሦስት ዓመት ኖረዋል፤ ሁለቱም እንደ እኔ ክፉዎች ነበሩ። ሲጋራዬን ባለፈው ሰኞ አቁሜያለሁ፤ ጠዋት ጠዋት በበረዶ ላይ እሄዳለሁ፤ አትክልት ሳይቀር መብላት ጀምሬያለሁ። ኦሪን የገዛልኝን ዕድሜ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሳላጣጥም ላልሞት ወስኛለሁና፣ በእርስዎም በተተኪዎም ሒሳብ ላይ ተቀምጬ እቆያለሁ። ለእርስዎም ፈጣሪ የእናቴን ዕድሜ ይስጥዎ፤ እሱንም ሁሉ በራስዎ ስልክ ላይ፣ ተራዎን እየጠበቁ ያሳልፉት።

ታማኝነቷ በእርስዎ ክፍል ያልተለካ፣ በሕይወት ያለች ሟች ደንበኛዎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አርዲስ ቶለፍሰን
ሰሜን ዳኮታ

ማስታወሻ፦ ለኦሪን ያቀረቡለትን የሠላሳ በመቶ ቅናሽ በተመለከተ፣ መቃብሩ ድረስ ሄጄ አንብቤለታለሁ፤ አልፈለገም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ልሄድ ነው እያለ ሲዋሻችሁ “እባክዎ ይቆዩ” እያላችሁ ለመናችሁት፤ የምሩን የሄደ ዕለት ግን ከእናንተ ወገን ቆይ ያለው ሰው አልነበረም። እኔ አጥብቃ ትቃወማለች የተባልሁት ግን፣ እጁን ይዤ ቆይ ብዬዋለሁ። እባክዎ ይህንም መዝገቡ ላይ ያስጽፉልኝ።