ሦስት ጊዜ ሸኝተናቸው ላልሄዱት ለአቶ ሚልክያስ ሻንቆ

የወረዳችን ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አመራርና ሠራተኞች፣ ረዳት የሂሳብ ሠራተኛ የነበሩት ባልደረባችን አቶ ሚልክያስ ሻንቆ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ በማረፋቸው የተሰማንን መሪር ሀዘን እንገልጻለን። ወደ ሶዶ የተፈቀደላቸው ዝውውር የሚጸናው ከሐምሌ 1 ጀምሮ በመሆኑ፣ ሀዘኑ የዚህ ጽሕፈት ቤት እንጂ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት አለመሆኑ በማኔጅመንት ስብሰባ ተረጋግጧል።

አቶ ሚልክያስ በአረካ አቅራቢያ ተወልደው አድገዋል። በ2002 ዓ.ም. በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማቸውን ይዘው ወደ እኛ ቆላ ሲመጡ፣ “ለጊዜው ነው፣ ምትክ እስክናገኝ” ተብለው ነበር። የወጪ ሰነዶችን አደራጅተዋል፣ ከባንክ ጋር አመሳክረዋል፣ የጎደለ ፊርማ ፍለጋ ከቀበሌ ቀበሌ ተመላልሰዋል። ባለቤታቸው መምህርት ብሩክታይት ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ሶዶ ይኖራሉ። አቶ ሚልክያስ የልጆቻቸው አባት የሆኑት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ዝናብ መንገዱን ከቆረጠው እሱም የለም። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ የጠየቁን አንድ ነገር ቢኖር ከቤተሰባቸው ጋር መኖርን ነው።

በ2011 ዓ.ም. ዝውውር ተፈቀደላቸው። በጽሕፈት ቤቱ ወግ መሠረት በሬ ታርዶ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ፎቶ ተነስተው ተሸኙ። ምትክ ሆኖ የመጣው ወጣት አድነው ግን ሻንጣውን ሳይፈታ ሶዶ ዘመድ አገኘና ወደዚያው ተመለሰ፤ አቶ ሚልክያስም ሰኞ ጠዋት ወንበራቸው ላይ ተገኙ።

በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛው ሽኝት ተካሄደ። ኦዲተሮች ስለመጡ ዝውውራቸው ታገደ።

ከዚህ በኋላ ስማቸው “የሶዶው” ሆነ። ገንዘብ ያዣችን ወ/ሮ ሳህሊቱ በየጠዋቱ “የሶዶው፣ አሁንም እዚህ ነህ? ዘንድሮ ካልሄድክ ጋቢያችንን መልስ!” ይሏቸዋል። እሳቸውም “ጋቢውን ልመልስ እህቴ፣ እናንተ ብቻ ልቀቁኝ” ይላሉ። እንስቅ ነበር። ወ/ሮ ሳህሊቱ ከቀብሩ ወዲህ ሥራ ገበታቸው ላይ አልተገኙም፤ ምክንያቱን አልጠየቅናቸውም።

ግንቦት 2017 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ሸኘናቸው። በጋቢ ፈንታ ብርድ ልብስ ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ ኃላፊያችን አቶ ቸርነት “ሚልክያስ ወንድሜ፣ ሰኔን ብቻ ዝጋልኝና ሂድ” በማለታቸው ቀሩ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያበቃ በሰኔ ፈቃድ የሚወጣ ሠራተኛ የለም። በሰኔ ስለሚታመም ሠራተኛ የሚደነግግ መመሪያ አላገኘንም።

በወሩ አጋማሽ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ጀመራቸው። ጤና ጣቢያው ወደ ሶዶ ሪፈር ጻፈላቸው። ወረቀቱን ለአቶ ቸርነት ሲያሳዩ “እስከ ሐሙስ ታገሠኝ” ተባሉ። ሐሙስ አልፎ ዓርብ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት መቆም ሲያቅታቸው መኪናችን በር ላይ ቆማ ነበር፤ ነዳጅ የሚፈቅደው ፊርማ ግን ከፈራሚው ጋር ስብሰባ ላይ ነበር። በሞተር ሳይክል አውጥተን ሚኒባስ ላይ አሳፈርናቸው። ሶዶ ሳይገቡ አረፉ። አስከሬናቸውን ከመንገድ አንስታ ቤታቸው ያደረሰችው የጽሕፈት ቤቱ መኪና ናት። ለዚህ ነዳጁ ወዲያው ተፈቅዷል።

ለቅሶ ለመድረስ የሄደው ልዑካችን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ወ/ሮ ብሩክታይት ቀና ብለው “ለመሆኑ ሂሳቡ ተዘጋ?” ሲሉ አቶ ቸርነትን ጠየቁ። አቶ ቸርነት መዋሸት አይችሉበትም፤ “ትንሽ ይቀራል” አሉ።

ወ/ሮ ብሩክታይት፣ ልጆቻቸው ሶልያና፣ እዮኤልና ዳና፣ እንዲሁም አረካ ያላችሁ ወላጆቻቸው፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ከማለት በቀር አሁን በእጃችን ምንም የለም። በእጃችን የነበረውን ደግሞ በጊዜው አልሰጠናችሁም።

የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት