የጣሊያኑ መስሚያና የልጄ ሆድ

ኅዳር ሚካኤል፣ ጧት
ገብሱ አውድማ ላይ ነው። በሬ የለም፣ ጣሊያን ነድቶታል፤ በዱላ እንወቃለን። ስማ አንተ ወረቀት፣ ወንድሜ ቄሱ የምለውን ይጽፍብሃል። እኔ ፊደል አልቈጠርሁም፤ አላፍርም። ልጄ የሺ ወሯ ገብቷል። ፊቷ አመድ መስሏል። ልጁስ? ስጠይቃት ይራገጣል አለችኝ። ታዲያ ምን ያስፈራኛል? እንጃ።

ማግስቱ፣ ማታ
ትኩሳት ያዛት። በቃሬዛ ደብረ ታቦር፣ ከጣሊያኑ ሐኪም ዘንድ አደረስናት። እኔ ጠላት ደጅ ቆሜ! ባሏ አርበኛ ነው፣ ዱር ገብቷል። (አትጻፍ እያልሁት ጻፈው፣ ይኸ ቄስ።)
ሐኪሙ ጥሩንባ መሳይ እንጨት ሆዷ ላይ ተክሎ ጆሮውን አስጠጋ። ደገመ። በአስተርጓሚው አፍ፦ የልጁ ልብ አይሰማም፣ ሞቷል፤ ነገ በብረት ካልወጣ እናቲቱም አትተርፍ። እንጨቱ ቢዋሽስ? እብናት ገበያ እንኳ ቁና በታወቀ ቁና ሳይለካ እህል አይሰፈርበትም። ይፈተን አልሁ። አስተርጓሚው ሳቀ፦ «አባቴ፣ ሐኪም እንደ ቁና ይፈተን ይላሉ?» «አንተ ሳቅ፤ ልጅህ አይደለችም» አልሁት።

አቡነ አረጋዊ፣ ረፋድ
ሐኪሙ እሺ አለ። ያሳደረን የሸማ ነጋዴ ሚስት ዘይነባም ወሯ ገብቷል፤ ልጇ ሲራገጥ ቀሚሷ ሲነሣ ሁሉ ያየዋል። እሷ ላይ ይሞከር አልሁ። «ለየሺ ከሆነማ ይኸው ሆዴ» ብላ መጣች። እንጨቱ ተተከለ። ወዲያው የሐኪሙ ጣት የሰማውን ምት እየተከተለ የራሱን ጉልበት ይመታ ጀመር፣ ቶሎ ቶሎ። እኔንም ጠራኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጫጩት በመዳፍህ ስትይዝ ደረቷ እንደሚመታው ነው። ሰማሁት!
ከዚያ የሺ። ዝም። እንጨቱን ወደ ጎን አስዞርሁት። ዝም። እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም።

ቀትር
ለብቻዋ ጠየቅኋት። ይራገጣል ብለሽኝ የለም ወይ? አለቀሰች። «አባባ፣ ከቆመ ሰነበተ። እርስዎ ጣሊያን ደጅ ከመቆም ሞት ይሻላል ሲሉ ሰምቼ ነው የደበቅሁዎ» አለች። ግንባሯን ሳምሁ። እሳት ነው።
ወጥቼ ለአስተርጓሚው ይሁን አልሁት። ወሰዷት። በሩ ተዘጋ። ቄሱ ሊጸልይ ተነሣ፤ ቆመህም ጻፍ አልሁት። ጻፍ፦ እሺ ያልሁት እኔ ነኝ። ባሏ ሲመለስ እኔን ይጠይቅ፣ እሷን ክፉ እንዳይናገራት። የሺ ትዳንልኝ እንጂ እኔስ የመጣው ይምጣብኝ።